ሁለት ቁጥር አካፍሎ የልብን ድካም መለካት ይቻላል?

ሲ.ቢ.ሲ የሚባለውን የደም ምርመራ ወረቀት ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ከላይ እስከ ታች ቁጥር ነው። ከነዚያ ቁጥሮች መሀል ሁለቱን ብቻ ውሰዱ፤ አንዱ የኒውትሮፊል፣ ሌላው የሊምፎሳይት ቁጥር ነው። ሁለቱም ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉት። ለምሳሌ ኒውትሮፊል 4,500፣ ሊምፎሳይት 1,500 ከሆነ መልሱ 3 ነው። ይህ ቁጥር የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ንጽጽር ይባላል። እኛ እዚህ ባጭሩ «ንጽጽሩ» እንበለው።

ይህ ቀላል ስሌት በሕክምና መጽሔቶች ውስጥ ብዙ ወረት አግኝቷል። የልብ ድካም ባለበት ሰው ላይ ንጽጽሩ ከፍ ካለ ሕመሙ ጸንቷል የሚሉ ጥናቶች በየጊዜው ይወጣሉ። ሐሳቡ ለእኛ ሀገር ሐኪምና ተማሪም ደስ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተጨማሪ ብር አያስወጣም፣ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም፣ ወረቀቱ ቀድሞ እጅ ላይ አለ።

እኔ ግን በጅግጅጋና በአካባቢው ከተሞች ይህን ቁጥር የልብ ድካም መለኪያ አድርጎ መያዝ ገና ጊዜው አይደለም እላለሁ። ንጽጽሩ ሰውነት ጭንቅ ውስጥ እንዳለ ይናገራል። ያስጨነቀው ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። በዚያ አካባቢ ደግሞ የታማሚውን ሕይወት የሚያተርፈው ብዙ ጊዜ ይህ «ምን?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ቁጥሩ ምን ሊወስን ነው?

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመ ማለት አይደለም። ልብ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መግፋት ሲያቅተው፣ ወይም የሚገፋው በከፍተኛ ጫና ሲሆን ነው። ውሃ ሳንባ ውስጥና እግር ላይ ይጠራቀማል፤ ሰውዬው ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፣ ሌሊት ትራስ ደራርቦ ካልተኛ እንቅልፍ አይወስደውም።

ጅግጅጋ ላይ የካራማራ ሆስፒታልና የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲው ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል አሉ። ከከተማዋ ወጥታችሁ ወደ ቀብሪበያህ፣ ወደ አውበሬ ወይም ወደ ድንበሯ ቶጎ ውጫሌ ስትሄዱ ነገሩ ይለወጣል። ልብን በድምፅ ሞገድ የሚያሳየው ኢኮና ምስሉን የሚያነብ ባለሙያ በየወረዳው ከተማ የሚገኙ አይደሉም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ማን ዛሬውኑ ወደ ጅግጅጋ ይላክ? ከጅግጅጋስ ማን የካራማራን ተራራ ተሻግሮ ወደ ሐረር፣ ወይም እስከ አዲስ አበባ ይሂድ? መኪና፣ አስታማሚ፣ የስንቅ ብር ሁሉ የሚታሰበው ከዚህ ውሳኔ በኋላ ነው። ርካሽ ቁጥር ተገኘ ሲባል ሁሉም የሚጓጓው ለዚህ ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተም የሚጎዳው «አንተ ቆይ» የተባለው ሰው ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ሐሳቡ ከሜዳ የተነሳ አይደለም፤ ጥሩ መሠረት አለው። ሲ.አር.ፒ የሚባለው ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1930 በኒውዮርኩ ሮክፌለር ተቋም የተገኘው የሳንባ ምች በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ነው። ጉበት የሚሠራው ሰውነት ሲቆጣ ነው፤ ሐኪሞች ይህን መቆጣት «ብግነት» ይሉታል። በ1956 ደግሞ አሜሪካኖች 40 የልብ ድካም ሕሙማንን መርምረው በ30ዎቹ ደም ውስጥ ይህን ፕሮቲን አገኙ። በ1990 ሌላ ቡድን፣ ከባድ የልብ ድካም ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ቲ.ኤን.ኤፍ የተባለ የብግነት መልእክተኛ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳየ፤ በተለይ ሰውነታቸው የመነመነው ሰዎች ላይ።

ንጽጽሩ ራሱ የታወቀው በ2001 ከብራቲስላቫ በወጣ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ያየው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያሉ ሰዎችን ነበር፤ ሰውነት ሲጨነቅ ኒውትሮፊል ሽቅብ ሊምፎሳይት ቁልቁል እንደሚሄዱ አስተዋለ። በ2011 አሜሪካ ውስጥ ከ1,200 በላይ የልብ ድካማቸው ተባብሶ ሆስፒታል የገቡ ሰዎች ተጠኑና ንጽጽራቸው ከፍተኛ የነበረው ቶሎ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ።

ይህ የሚሆንበት መንገድም ይገባል። ልብ ሲደክም ሰውነት አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃል። እነዚህ ሆርሞኖች ከመቅኒና ከደም ሥር ግድግዳ ላይ ኒውትሮፊሎችን ወደ ደም ያወጣሉ፤ ሊምፎሳይቶች ደግሞ ከደም ዞር ይላሉ። ሌላም አለ። ደም ወደ ኋላ ሲጠራቀም የአንጀት ግድግዳ ያብጣል። ያበጠ ግድግዳ የባክቴሪያ ቁርጥራጭ ያሾልካል፣ ሰውነትም ይቆጣል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ተነስተን «ስለዚህ ቁጥሩ የልብን ድካም ይለካል» ስንል ነው።

ከምን ጋር አስተያዩት?

አንድ መለኪያ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ከሌላ ከታመነ መለኪያ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ጥናቶች የሚያስተያዩት የኒውዮርክ የልብ ማኅበር በ1928 ካወጣው ባለአራት ደረጃ ምደባ ጋር ነው። አንደኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ተራ ሥራ ሲሠራ አይቸገርም፤ ሁለተኛው በተራ ሥራ ትንሽ ይደክማል፤ ሦስተኛው ከተራ ሥራ ባነሰም ይደክማል፤ አራተኛው ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ያጥረዋል።

ቆም በሉና አስቡት። «ተራ ሥራ» ምንድነው? ቀብሪበያህ ውስጥ ባለ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ የምትሸከም ሴት አለች፤ ሃያ ኪሎ ማለት ነው። ቶጎ ውጫሌ ላይ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ የሚቀመጥ ነጋዴ አለ። የሁለቱ ልብ እኩል የደከመ ቢሆን እሷ ሦስተኛ፣ እሱ አንደኛ ደረጃ ሊባሉ ይችላሉ። የተለያየው ሥራቸው እንጂ ልባቸው አይደለም።

በዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ አለ። ጠያቂው አማርኛ፣ ታማሚው ሶማልኛ የሚናገር ሲሆን በመሀል አስተርጓሚ ይገባል። በሶማልኛ «ኔፍ» ማለት ትንፋሽ ነው፤ የኔፍ በሽታ ሲባል ደግሞ አስም ነው። «ኔፍ አለብኝ» ያለ ሰው የትኛውን እንዳለ ካልተጠየቀ ደረጃው በግምት ይሞላል። እንግዲህ የደም ቁጥሩን ያመሳከርነው ከዚህ ጋር ነው። የላላ ሜትር ይዘን ጨርቅ ለክተን ከዚያ ጨርቁን ብንወቅስ ወይም ብናወድስ ምን ዋጋ አለው?

አማካይና አንድ ሰው

ሁለተኛው ነቀፌታዬ ስለ አማካይ ነው። «የከባዶቹ ቡድን አማካይ ንጽጽር ከቀላሎቹ ይበልጣል፤ ልዩነቱም በስታትስቲክስ ጉልህ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ስታነቡ አትቸኩሉ። የወንዶች አማካይ ቁመት ከሴቶች ይበልጣል፤ የአንድን ሰው ቁመት ብቻ ነግሬያችሁ ወንድ ይሁን ሴት ንገሩኝ ብላችሁ ግን ልትሳሳቱ ትችላላችሁ። የሁለቱ ቡድን ቁጥሮች መሀል ላይ ይደራረባሉ።

እስቲ በምሳሌ እንሥራው። ቁጥሮቹ የኔ ናቸው፣ ለማስረጃ ሳይሆን ለስሌት። መቶ የልብ ድካም ሕሙማን አሉ እንበል፤ ከነሱ 30ዎቹ ከባድ፣ 70ዎቹ ቀለል ያለ ነው። ምርመራችን ከባዱን ከመቶ 70 ጊዜ ይይዛል፤ ቀላሉንም ከመቶ 70 ጊዜ «ቀላል ነው» ብሎ በትክክል ያልፋል። ለወረቀት የሚበቃ ውጤት ይመስላል። አሁን ቁጠሩ። ከ30ዎቹ ከባዶች 21ዱ ይያዛሉ፣ 9ኙ ያመልጣሉ። ከ70ዎቹ ቀላሎች 21ዱ በስህተት «ከባድ» ይባላሉ። ስለዚህ «ከባድ ነህ» ከተባሉት 42 ሰዎች በእውነት ከባድ የሆኑት 21 ብቻ ናቸው። ሳንቲም እንደ መወርወር ማለት ነው! ያመለጡት 9 ሰዎች ደግሞ አውበሬ ላይ «ቆይ» የሚባሉት ናቸው።

ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገው ማን ነው?

ሦስተኛው ነቀፌታ ከሁሉ ይከብደኛል። ንጽጽሩ በልብ ድካም ብቻ አይጨምርም። የሳንባ ምች ይጨምረዋል። ሌላ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ይጨምረዋል። ለአስም ተብሎ የተሰጠ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊልን ከፍ፣ ሊምፎሳይትን ዝቅ ያደርጋል። አሁን ከላይ ያልኩትን «ኔፍ» አስታውሱ፤ የልብ ድካም ያለበት ሰው አስም ነው ተብሎ ስቴሮይድ ተሰጥቶት ሊመጣ ይችላል። ወረቀቱ ላይ የምናየው ቁጥር የልቡ ሳይሆን የመርፌው ሊሆን ነው።

የእኛ አህጉር የልብ ድካም ደግሞ ከአውሮፓው የተለየ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ ሀገሮች 1,006 ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት በ2012 ታትሟል። የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት ገደማ ነበር። ምዕራባውያን ዘንድ ዋናው ምክንያት የሆነው የልብ ደም ሥር መጥበብ 7.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከአሥር ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። በአፍሪካ ጎልተው የወጡት የደም ግፊት፣ የልብ ጡንቻ በሽታና የሩማቲክ የልብ በሽታ ናቸው።

ሩማቲክ የሚጀምረው በልጅነት የጉሮሮ ኢንፌክሽን ነው። ባክቴሪያውን ሊዋጋ የተነሳው ሰውነት የልብን ቫልቭ ያጠቃል። ይህ ጥቃት ሊመላለስ ይችላል፤ ሲመለስ ሲ.አር.ፒ ይጨምራል። የተጎዳ ቫልቭ ላይ ባክቴሪያ ሲሰፍርም እንደዚሁ ይጨምራል፤ ይህ ኢንዶካርዳይትስ የሚባለው አደገኛ በሽታ ነው። እንግዲህ ቫልቯ የተጎዳ የ19 ዓመት ልጅ ሲ.አር.ፒዋ ከፍ ብሎ መጣ እንበል። «የብግነት ምልክቷ ከፍ ያለ ስለሆነ ልብ ድካሟ ከባድ ነው» ብለን መዝገብ ላይ ጽፈን ብናልፍ ምን አጠፋን? አንቲባዮቲክ የሚያስፈልጋትን ልጅ የሽንት ማብዣ ክኒን ብቻ ሰጥተን ሸኘናት።

አንድ ሌላ የሚገርም ነገር ላክል። ኢ.ኤስ.አር የሚባለው፣ ቀይ የደም ሕዋሳት በቀጭን ቱቦ ውስጥ በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደሚዘቅጡ የሚለካው ጥንታዊ ምርመራም የብግነት ምልክት ነው። በ1991 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ግን ከባድ የልብ ድካም ያለባቸው ሰዎች ላይ ኢ.ኤስ.አር ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ አሳየ። ከዚያ በኋላ የወጡ ጥናቶች ደግሞ ከፍ ያለው ነው መጥፎ ምልክት አሉ። አንዱ የብግነት ምልክት ሲወጣ ሌላው ሊወርድ የሚችል ከሆነ፣ «ብግነት የልብን ድካም ልክ ይናገራል» የሚለው አነጋገር ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የማን መደበኛ?

አራተኛው ነቀፌታ ከዘር ውርስ ይመጣል። በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የሚገኝ ዳፊ የሚባል ተቀባይ አለ። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ወደ ሕዋሱ ለመግባት የሚጠቀምበት በር ነው። ብዙ አፍሪካውያን ይህን በር በቀይ ሕዋሳቸው ላይ አይዙም። በ2009 የታተመ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው፣ በሩ የሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥ የሚገኘው ኒውትሮፊል በተፈጥሮው ያነሰ ነው። ሕመም አይደለም፣ ለኢንፌክሽንም አያጋልጥም፤ ጤነኛ ሰው ናቸው። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ሁሉም ማለት ይቻላል እንዲህ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ድብልቅ ነው፤ አንዱ አለው፣ ሌላው የለውም።

ይህ ስሌቱን ምን ያደርገዋል? በሩ የሌለው ሰው በጤናው ጊዜ ኒውትሮፊሉ 2,000፣ ሊምፎሳይቱ 1,800 ነበር እንበል፤ ንጽጽሩ 1.1 ነው። ታሞ ኒውትሮፊሉ በእጥፍ አድጎ 4,000፣ ሊምፎሳይቱ 1,600 ቢሆን ንጽጽሩ 2.5 ይሆናል። ከውጭ የመጣው ጥናት «ከ3 በላይ ከባድ ነው» ካለ ይህ ሰው ከእጥፍ በላይ ጨምሮም «ቀላል» ይባላል። ከጎኑ የተኛው በሩ ያለው ሰው ግን በትንሽ ጭማሪ መስመሩን ያልፋል። ቱርክ ወይም ቻይና ውስጥ የተሰመረ መስመር ጅግጅጋ ላይ ያለ ምርመራ ሊሠራ አይችልም የምለው ለዚህ ነው።

ማሽኑንም አንርሳ። አንዳንድ ሲ.ቢ.ሲ ማሽኖች ነጭ ሕዋሳትን በሦስት ብቻ ይከፍላሉ፤ ኒውትሮፊልን ለብቻው ለይተው ላይነግሩን ይችላሉ። የአንጀት ትልና አለርጂ የሚያበዙት ኢዮሲኖፊል የተባለው ሕዋስ አብሮ ሊቆጠር ይችላል ማለት ነው።

ቁጥሩ ወረደ፣ ታማሚው ባሰበት

«ብግነቱ ከልብ ድካም ጋር አብሮ ከሄደ ብግነቱን ብናጠፋው ልቡ አይድንም?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቲ.ኤን.ኤፍን የሚያፍኑ መድኃኒቶች ተሞከሩ። ኢታነርሰፕት በትልልቅ ሙከራዎች ምንም ጥቅም አላሳየም። በ2003 በታተመው የኢንፍሊክሲማብ ሙከራ 150 ሕሙማን ነበሩ። መድኃኒቱ ሲ.አር.ፒን በእርግጥ አወረደ። ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት ግን ይበልጥ ሆስፒታል ገቡ፣ ይበልጥ ሞቱ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አማረ፣ ሰውዬው ባሰበት። ምልክትና ምክንያት አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ታዲያ እንጣለው?

አይ፣ አንጣለው። ንጽጽሩ ከፍ ብሎ ሲታይ አንድ ጥያቄ ያስጠይቃል፤ «ይህን ሰው ምን አስጨነቀው?» ትኩሳት አለው? ያስለዋል? ስቴሮይድ ወስዷል? ጫት መቼ ቃመ? በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል። የአንድ ሰው ቁጥር ከትናንት ከነበረበት ጋር ሲተያይም ከሌላ ሀገር መስመር የተሻለ ይናገራል። በ2021 የአውሮፓ፣ በ2022 የአሜሪካ የልብ ድካም መመሪያዎች የሚመክሩት የደም ምርመራ የተወጠረ የልብ ጡንቻ ራሱ የሚለቀውን ቢ.ኤን.ፒን እንጂ ንጽጽሩን አይደለም። ቢ.ኤን.ፒ ግን ውድ ነው፣ በየቦታውም አይገኝም።

ርካሽ ነገር ከተፈለገ የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ አለ። ሠላሳ ሜትር ኮሪደርና ሰዓት ብቻ ይበቃል። ታማሚው በራሱ ፍጥነት ስድስት ደቂቃ ይሄዳል፤ ስንት ሜትር እንደሄደ ይጻፋል። ከ300 ሜትር በታች ከሆነ ነገሩ ያሳስባል። ጀሪካን ተሸካሚዋም ነጋዴውም እኩል ይፈተናሉ፤ አስተርጓሚው የሚያስረዳው «ሂዱ፣ ከደከማችሁ ቁሙ» የሚለውን ብቻ ነው። ተራምዶ ለማይችለው ደግሞ ሚዛን፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የአንገት ደም ሥርን የሚያይ ዓይንና ያበጠ እግርን የሚጫን ጣት አሉ።

ለጅግጅጋ የሚመጥን ጥናት ምን ይመስላል? ሕሙማኑን በገቡበት ቀንና ሲወጡ ሁለቴ ይለካል። ኢንፌክሽንና ስቴሮይድን መዝግቦ ይለያል። የዳፊን ዓይነት ይመረምራል። ደረጃውን በጥያቄ ብቻ ሳይሆን በስድስት ደቂቃው ጉዞና በኢኮ ያረጋግጣል። ከዚያ ስድስት ወር ተከታትሎ ማን ተመልሶ እንደተኛ፣ ማን እንደሞተ ይቆጥራል። በመጨረሻም ይህን ይጠይቃል፦ ሚዛኑን፣ ግፊቱንና ጉዞውን ካወቅን በኋላ ንጽጽሩ የሚጨምርልን አዲስ እውቀት አለ ወይ? መልሱ «አለ» ከሆነ ይህን ጽሑፍ ለማረም ደስ ይለኛል። ጅግጅጋ ላይ ሕክምና፣ ላቦራቶሪ ወይም ስታትስቲክስ የምትማሩ ልጆች ካላችሁ ይህ ጥናት ለመመረቂያ ይበቃል። ኮሪደሩን መለካት ነገ መጀመር ይቻላል።